ሚያዝያ ስንት የሥራ ቀን አለው?

ጥያቄው ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚቀርብ ይመስላል። ከሚያዝያ 1 እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ስንት የሥራ ቀን አለ?

የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ አንዴ 31 አንዴ 28 የሚል ጣጣ የለበትም። ያ ወር ረቡዕ ገብቶ ሐሙስ አለቀ። አራት እሑድ አለበት፤ ሲቀነስ 26 ይቀራል። ስቅለት ዓርብ በ10፣ የሠራተኞች ቀን ሐሙስ በ23፣ የአርበኞች የድል በዓል ሰኞ በ27 ዋሉ፤ ሲቀነሱ 23 ይቀራል። ፋሲካም በ12 ነበረ፤ ግን እሑድ ስለሆነ ቀድሞውኑ ወጥቷል። ቅዳሜ ለማይሠራ መሥሪያ ቤት ደግሞ አራቱ ቅዳሜዎች ይቀነሱ፤ 19 ሆነ። ቅዳሜን ግማሽ ቀን ለሚሠራ ድርጅት ደግሞ 21 ነው።

23፣ 21፣ 19። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ሦስቱም ከአንድ ወር የወጡ ናቸው።

የምተዳደረው በዳታቤዝ ሥራ ነው። የፔይሮል፣ የዓመት ፈቃድ፣ የመቅረትና የመገኘት መዝገብ የሚያዝበትን ሥርዓት ስሠራ ከሁሉም በላይ የተጠየቅሁት ጥያቄ ይሄ ነው፦ “በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን የሥራ ቀን የሚቆጥር አንድ መስመር ኩዌሪ ጻፍልን።” ጠያቂዎቹ መልሱ በቀኖቹ ውስጥ ያለ፣ ሂሳብ ብቻ የሚፈልቅቀው ነገር ይመስላቸዋል። እኔ ግን በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁ ቁጥር የገባኝ፣ “የሥራ ቀን” የሚባለው ነገር በቀን ውስጥ እንደሌለ ነው። ያለው በሕግ፣ በታሪክ፣ በሃይማኖት ጉባኤና በአደባባይ ሰልፍ ውስጥ ነው። ኩዌሪው ሊቆጥረው የሚችለው ሌሎች አስቀድመው የወሰኑትን ብቻ ነው።

ነገሩ የፕሮግራመሮች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377፣ አንድ ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት 5 የሥራ ቀናት በተከታታይ ከቀረ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት እንደሚችል ይደነግግ ነበር። አሁን ሥራ ላይ ያለው የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156 ይህን ድንጋጌ ቀይሮታል፤ ግን ለምሳሌያችን በፊተኛው አዋጅ ዘመን፣ በ2000 ዓ.ም. እንቁም። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ያለ አንድ ሠራተኛ ረቡዕ ሚያዝያ 22 ቀረ እንበል። የተመለሰው በሳምንቱ ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29 ጠዋት ነው። ለመቅረቱ የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

ኮምፒዩተሩ 29 ሲቀነስ 22 ይልና 7 ቀን ይላል። ጠንቀቅ ያለ ፕሮግራመር እሑድን ያወጣል፤ 6 ይሆናል። ስድስት ከአምስት ይበልጣል፤ ሰውየው ተሰናበተ። አሁን ግን የበዓላቱን ዝርዝር እናምጣ። ሐሙስ ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ነው። እሑድ 26 ነው። ሰኞ ሚያዝያ 27 የድል በዓል ነው። የቀሩት ረቡዕ 22፣ ዓርብ 24፣ ቅዳሜ 25 እና ማክሰኞ 28 ናቸው። አራት ቀን! በዚያ አንቀጽ ማንም ሊያሰናብተው አይችልም። በስድስትና በአራት መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው።

ሕጋችንም ይሄን ልዩነት አውቆ ነው ቃል የሚመርጠው። በአዋጅ 1156 መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቱ የሚያገኘው የዓመት ፈቃድ 16 “የሥራ ቀናት” ነው። እናት የምታገኘው የወሊድ ፈቃድ ግን ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 “ተከታታይ ቀናት” ነው። ለጋብቻ 3 የሥራ ቀናት፤ ሚስቱ ለወለደችለት አባት ደግሞ 3 ተከታታይ ቀናት። ሁለቱም ሦስት ናቸው፤ ዓርብ ቢጀምሩ ግን እኩል አይደሉም። ዓርብ የወለደች ሚስት ያለችው አባት እሑድ ማታ ፈቃዱ አልቋል። ዓርብ ያገባ ሙሽራ፣ ቅዳሜ በሚሠራ ድርጅት ከሆነ፣ ሰኞንም ይጨምራል። 16 የሥራ ቀን ፈቃዱን ሚያዝያ 1 ቀን 2017 የጀመረ የፋብሪካ ሠራተኛ ማክሰኞ ሚያዝያ 21 ነው የሚመለሰው። ስቅለትን የረሳ ኩዌሪ ግን አንድ ቀን ቀድሞ፣ ሰኞ በ20 ይጠራዋል።

እንግዲህ ጥያቄው፣ ከሙሉው ቀን ላይ የምንቀንሳቸው ቀኖች ከየት መጡ ነው።

ከሳምንቱ እንጀምር። “የሳምንት ዕረፍት ቅዳሜና እሑድ ነው” የሚለው ነገር ተፈጥሯዊ ይመስላል። ግን በዚች አገር ቅዳሜ ሥራ ይሠራበት አይሠራበት የሚለው ጥያቄ ሰው አሰድዷል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ተከታዮቻቸው ከእሑድ ጋር ቀዳሚት ሰንበትም መከበር አለባት ብለው ቆሙ። ይህን የሚቃወሙ ስለበረቱባቸው ኤዎስጣቴዎስ አገራቸውን ለቀው ሄዱ፤ ያረፉትም በአርመን ምድር ነው። ተከታዮቻቸው ግን አልተውም። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1450፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ በጠሩት ጉባኤ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ ተወሰነ።

የዛሬው የመሥሪያ ቤት ቅዳሜ ከደብረ ምጥማቅ በቀጥታ አልመጣም። ይሄኛው የፋብሪካ ዘመን ልጅ ነው፤ ሄንሪ ፎርድ የመኪና ፋብሪካዎቹን ሠራተኞች በሳምንት አምስት ቀን ማሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ እስከ ዛሬ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ነው የሚለው፤ 48 ለ8 ሲካፈል ስድስት ቀን ነው። ስለዚህ በአንድ ከተማ የመንግሥት ቢሮና ፋብሪካ ሁለት ዓይነት ሳምንት አላቸው። ጣጣው የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2013 የሳምንት ዕረፍቷን ከሐሙስና ዓርብ ወደ ዓርብና ቅዳሜ አዛወረች፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች መንግሥት ደግሞ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ወደ ቅዳሜና እሑድ ተሻገረ። እዚያ በቢሮ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ የቆየ የሥራ ቀኑን ማስቆጠር ቢፈልግ፣ ኩዌሪው መጀመሪያ “የየትኛው ዓመት ሳምንት?” ብሎ መጠየቅ አለበት።

በዓላቱ ጋ ስንመጣ ታሪኩ ይበልጥ ይጠጋናል።

ዛሬ ኩዌሪ የምንጽፍበት ቋንቋ፣ ኤስኪውኤል፣ የተወለደው አይቢኤም ኩባንያ ውስጥ ነው። ኤድጋር ኮድ ዳታን በሠንጠረዥ የማደራጀትን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1970 አሳተመ፤ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ደግሞ በሜይ 1974 “ሲክወል” ያሉትን ቋንቋ ለባለሙያዎች አስተዋወቁ። በእኛ አቆጣጠር 1966 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966፣ አዲስ አበባ ውስጥ ታላቅ ሰልፍ ወጥቶ ነበር። ሙስሊሞችና አብረዋቸው የቆሙ ክርስቲያኖች የሃይማኖት እኩልነት ጠየቁ። “በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች” መባሉ ቀርቶ “ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች” እንባል አሉ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ደግሞ የእስልምና በዓላት እንደ ክርስትናዎቹ በብሔራዊ ደረጃ ይከበሩ የሚል ነበር።

መልሱ የመጣው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የሕዝብ በዓላትና የዕረፍት ቀን አዋጅ ቁጥር 16፣ ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሐ (አረፋ) እና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። በኩዌሪ ዓይን ሲታይ ይሄ ሠንጠረዥ ላይ ሦስት ረድፍ መጨመር ነው። በአንድ ሙስሊም የመንግሥት ሠራተኛ ዓይን ግን በ1965 ዓ.ም. በዒዱ ቀን ከቤተሰቡ ጋር ቢውል ከሥራ ቀረ ነው የሚባለው፤ በ1968 ዓ.ም. ግን እንደ ጎረቤቱ በዓል አከበረ። ቀኑ ያው የዒድ ቀን ነው። የተለወጠው አገሪቱ ለቀኑ የሰጠችው ስም ነው።

ረድፍ እንደሚጨመር ሁሉ ይሰረዛል፤ ይዛወራልም። በንጉሡ ዘመን ሐምሌ 16 የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልደት፣ ጥቅምት 23 ደግሞ የንግሥ በዓላቸው ነበር፤ ሁለቱም ከዘውዱ ጋር ወረዱ። ደርግ መስከረም 2ን የአብዮት በዓል አደረገ፤ እሱም ከደርግ ጋር ሄደና ግንቦት 20 መጣ። የድል በዓል ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ያስገርመኛል። ንጉሡ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ስለነበረ በዓሉ በዚያው ቀን ይከበር ነበር። ደርግ ግን በዓሉን ከንጉሡ መግባት ነጥሎ ከተማዋ ከፋሺስት እጅ ነፃ ወደወጣችበት ወደ መጋቢት 28 ወሰደው። ከደርግ በኋላ ተመልሶ ሚያዝያ 27 ሆነ። ስለዚህ “በሚያዝያ ውስጥ ስንት የሥራ ቀን አለ?” ለሚለው ጥያቄ በ1960ው፣ በ1975ቱና በ1990ው ሚያዝያ መልስ የሚሰጥ ሰው፣ አንዱን የበዓል ዝርዝር ለሦስቱም ቢጠቀም ቢያንስ በአንዱ ይሳሳታል።

ይሄን ነገር በደንብ ያሳዩኝ አንድ ድርጅት ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊ የነበሩ እናት ናቸው። ቢሯቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ በእርሳስ ምልክት ተሞልቷል። የገረመኝ ግን እሱ አይደለም፤ መሳቢያቸው ነው። ያለፉትን ዓመታት የቀን መቁጠሪያዎች በሙሉ፣ ከነምልክታቸው፣ በላስቲክ አስረው አስቀምጠዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ለምን እንደማይጥሏቸው ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። “ልጄ፣ ሰው የሚከሰን ስለ ዘንድሮ ብቻ መስሎህ ነው?” አሉኝ። ከዓመታት በፊት የተሰናበተ ሰው ያልተጠቀመበትን የዓመት ፈቃድ ሲጠይቅ የሚቆጠረው በዚያን ጊዜው በዓል ነው እንጂ በዛሬው አይደለም። ባለሙያዎች ረጅም ወረቀት የሚጽፉበትን ነገር እሳቸው በላስቲክ ጨርሰውታል። እያንዳንዱ የበዓል ረድፍ “ከመቼ ጀምሮ” እና “እስከ መቼ” የሚሉ ሁለት ዓምዶች ሊኖሩት ይገባል፤ የወጣ በዓል ቀኑ ይዘጋል እንጂ ረድፉ አይደመሰስም።

ቀናቸው የተወሰነ በዓላት ቀላል ናቸው ብሎ የሚያስብም ካለ ገናን ይጠይቅ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ግን ታኅሣሥ 28 ይውላል። ከመጋቢት 29 ብሥራት እስከ ልደት ያለው ቀን ተቆጥሮ የተሰፈረ ስለሆነ፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግሥት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ሆኗል። ውጤቱ በፈረንጁ ሲታይ ገና ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው። ጥምቀት ግን ጥር 11ን ስለማይለቅ በዚያ ዓመት ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ይሻገራል። ዳታቤዞች ቀን የሚያስቀምጡት በጎርጎርዮሳዊው ስለሆነ፣ በዓልን “ወርና ቀን” ብቻ አድርጎ የመዘገበ ሰው አንዱ በአንዱ አቆጣጠር፣ ሌላው በሌላው እየሸሸ ያስቸግረዋል።

ተንቀሳቃሾቹ በዓላትስ? እዚህ ላይ አባቶቻችን ሥራውን ጨርሰውታል። ባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት በሊቀ ጳጳሱ ድሜጥሮስ ስም የሚጠራው ቀመር፣ ሊጻፍ የተዘጋጀ ፕሮግራም ነው። የ2017ን እንሥራ። 5500 ሲደመር 2017፣ ዓመተ ዓለሙ 7517 ነው። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንዱ ሲቀነስ ወንበሩ 11። 11 በ11 ተባዝቶ 121፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1። 11 በ19 ተባዝቶ 209፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29። ከ14 ስለበለጠ መስከረም ላይ ይውላል። መስከረም 29 ያኔ ረቡዕ ነበረ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ 29 እና 4 መባጃ ሐመሩ 33። በ30 ሲገደፍ 3፤ ከ30 ስላለፈም ጾመ ነነዌ ከጥር ወደ የካቲት ተሻግሮ የካቲት 3 ገባ። ከዚያ 69 ቀን ስንቆጥር ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነው። ሁለት ቀን መለስ ስንል ስቅለት ሚያዝያ 10። በመጀመሪያው ስሌታችን ከወሩ ላይ የቀነስነው ዓርብ ይሄ ነው።

ሊቃውንቱ ቀመሩ እያለ ሠንጠረዥም ሠርተዋል። በየ532 ዓመቱ፣ በዐቢይ ቀመር፣ ዕለቱም ጨረቃውም ፋሲካውም ተመልሶ ያው ይሆናል። 532 ዓመት በቀን ሲመነዘር 194,313 ቀን ነው። ለዛሬ ዳታቤዝ ይሄ ትንሽዬ ሠንጠረዥ ናት። እኛም የምናደርገው ያንኑ ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ ያለው “የቀን ሠንጠረዥ” ይሠራል፤ ኩዌሪው ከዚህ እስከዚያ ባለው ውስጥ “ሥራ” የተባሉትን ረድፎች ይቆጥራል። አለቀ። ኤክሴል ውስጥ ያለው “ኔትወርክዴይስ” የሚባል ቀመር እንኳ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ተቀብሎ ቅዳሜና እሑድን ብቻ ነው በራሱ የሚያወጣው፤ በዓላቱን ለማውጣት ዝርዝሩን ከእኛ እጅ ይጠብቃል።

አንድ ነገር ግን ከቀመርም ከሠንጠረዥም ያመልጣል፤ ጨረቃ። የሂጅራ ወር 29 ወይም 30 ቀን ነው፤ ረመዳን በስንት እንደሚያልቅ የሚታወቀው የሸዋል ጨረቃ ስትታይ ነው። አስቡት፤ ረመዳን 29 ቅዳሜ ላይ ዋለ። ማታ ጨረቃ ከታየች ዒድ እሑድ ነው፤ እሑድ የዋለ በዓል ደግሞ በሰኞ ስለማይተካ የሥራ ቀን አይቀነስም። ካልታየች ዒድ ሰኞ ነው፤ አንድ የሥራ ቀን ይቀነሳል። የሳምንቱ የሥራ ቀን ስድስት ይሁን አምስት ሌሊት ላይ ይወሰናል። ሥነ ፈለክ ጨረቃዋ የት እንዳለች ይነግረናል፤ የበዓሉን ቀን ግን የሚያሳውቁት የሃይማኖቱ አባቶች ናቸው። ስለዚህ በረድፉ ላይ ሌላ ዓምድ ያስፈልጋል፦ “ይጠበቃል” ወይስ “ጸድቋል”። የወደፊት ቀን ላይ የሚሠራ ማንኛውም ስሌት ሁለት መልስ ሊኖረው እንደሚችል ለተጠቃሚው መናገር አለበት። አንዱን ቁጥር በእርግጠኝነት ማሳየት ውሸት ነው።

የሥርዓት ሥራ የሚያሠሩ ሰዎች ይሄን ሁሉ ስነግራቸው አንዳንዴ ይሰለቻሉ። “ሁለት ቀን መቀነስ እንዲህ ከባድ ነው?” ይላሉ። አይደለም፤ መቀነሱማ ምንም አይከብድም። ከባዱ ዝርዝሩን የሚጠብቅ ሰው መመደብ ነው። ቀመሩን ፕሮግራመር አንዴ ጽፎት ይሄዳል። ዝርዝሩ ግን እንደ ጓሮ ነው፤ በየዓመቱ ካልታረመ አረም ይውጠዋል፤ የሚጎዳውም ፕሮግራመሩ ሳይሆን ፈቃዱ አንድ ቀን የጎደለበት፣ ያለ ጥፋቱ “ቀርተሃል” የተባለ ሰው ነው።

የእኔ ሠንጠረዥ ሰባት ዓምድ አለው፦ ቀኑ፣ ዕለቱ፣ ሥራ ነው ወይስ ዕረፍት፣ የበዓሉ ስም፣ በየትኛው ሕግ፣ ሕጉ ከመቼ እስከ መቼ የጸና፣ የጸደቀ ነው ወይስ የሚጠበቅ። በየጳጉሜው የመጪውን ዓመት ረድፎች እሞላለሁ። ፋሲካና ስቅለትን በባሕረ ሐሳብ አወጣለሁ፤ ዘመኑ ዮሐንስ ከሆነ ገናን በ28 አስገባለሁ፤ ለዒዶቹና ለመውሊድ “ይጠበቃል” ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ የረመዳን መጨረሻ ምሽት ላይ፣ ማስታወቂያው በሬዲዮ ሲነገር፣ ላፕቶፑን ከፍቼ “ይጠበቃል” የሚለውን “ጸድቋል” አደርገዋለሁ። ኩዌሪው ላይ አንድም ፊደል አልነካም።